ከሀጂ አብዱልሰመድ ጎን የሰገደው ሰው

ባድሩ ሀሚድ ከተቀበረ በማግስቱ፣ ረፋድ ላይ፣ ለኢንስፔክተር ሂዳያ ስልክ ተደወለ። የደወለችው ሴት ስሟን አልተናገረችም፤ ድምጿም ከሹክሹክታ ብዙም ከፍ አላለም።

«የፖሊስ ልብስ ለብሰሽ አትምጭ» አለች። «ሻርፕ ደርበሽ እንደ ለቀስተኛ ነይ። ሰው ቢጠይቅሽ የባድሩ ሚስት የፈዲላ ዘመድ ነኝ በይ።»

ሂዳያ ምን እንደተፈጠረ ልትጠይቅ ስትል ከወዲያ በኩል በር ተንኳኳ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ስለ ባድሩ አሟሟት ሂዳያ የምታውቀው የሐይቅ ከተማ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ያህል ነበር። ባድሩ ጂዳ ውስጥ በመኪና ቀለም ቤት ለዓመታት ሠርቶ የተመለሰ ሰው ነው። ከተመለሰ ወዲህ ሟቹ አባቱ ሀጂ ሀሚድ ሸራ አልብሰው ያቆሟትን አሮጌ ፊያት ለማደስ ተነሳ። ከፊት ጎማዎቹ ጀመረ። ጎማውን የሚሸከሙትን ክንዶች፣ ሞላዎቹን፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ፤ የድሮውን ቀለም ልጦ እንደገና ይቀባቸው ያዘ። ከትናንት በስቲያ፣ ከሰዓት በኋላ በዐስር ሰላት ሰዓት ግድም፣ ክሪኩ ተንሸራቶ መኪናዋ ደረቱ ላይ ወደቀች ተባለ። ቀለም የነከረ ቡርሽ በእጁ እንደያዘ ከሥሯ ተገኘ። ቤተሰቡ የአላህ ውሳኔ ነው ብሎ ተቀበለ፤ በማግስቱ ጠዋት ታጥቦ ተቀበረ።

ግቢው ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ ነው። ሁለት ቤቶች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ አንዱ የባድሩ፣ ሌላው የታላቅ ወንድሙ የኡበይድ። በመካከላቸው መኪናዋ ያለችበት የቆርቆሮ መጠለያ አለ። የግቢው በር አንድ ብቻ ሲሆን ቁልፉ የሚያድረው ኡበይድ ዘንድ ነው።

የባድሩ ሚስት ፈዲላ ጨቅላ ልጇን ሱረያን ታቅፋ በጓዳው ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ቀን ቢሆንም መስኮቱ ተዘግቷል። ሂዳያ ስትገባ ተነሥታ መጀመሪያ በሩን ቀረቀረች፤ ሰላምታውን ያስከተለችው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ በዚያው የስልክ ሹክሹክታ ተናገረች። ባድሩ ከመሞቱ ቀደም ባለው ቀን ከሥራው ሲገባ እራቱን አልነካም። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ሰጣትና እንዳታጥበው፣ ለማንም እንዳታሳየው አደራ አላት። በማግስቱ ከዐስር ሰላት በኋላ ለባለቤቱ እንደሚሰጠው ነገራት። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ብትጠይቀው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። በማግስቱ ሞተ። ከቀብር በኋላ እሷ ከለቀስተኛው ጋር ውጭ ተቀምጣ ሳለ አንድ ሰው ጓዳዋ ገብቶ ሳጥኗን ገልብጧል፤ ፍራሿንም በቢላ ቀዶታል።

«ወርቄን አልነካም» አለች። «የሚፈልገው ይህን ነው።»

ከሕፃኗ ትንሽ ትራስ ውስጥ ፌስታሉን አወጣች። በውስጡ ከመዳፍ የማይበልጥ ቁራጭ ጨርቅ ነበረ፤ አሮጌ ጥቁር ቀለም ጠጥቶ እንደ ቆዳ ደርቋል። አንዱ ጠርዙ ብቻ በቤንዚን ታሽቶ ፀድቷል። ከቀለሙ ሥር ነጭ ፈትልና አረንጓዴ በቀይ የሆነ ጥለት ብቅ ብሏል።

«እዚህ ቤት ሳይጠየቅ የሚገባ ማን ነው?»

«ሦስት ሰው። ኡበይድ ወንድሙ ነው። አራጋው መካኒኩ ከማዶ ነው፤ ጓደኛው ነበር፤ ክሪኩንም ያዋሰው እሱ ነው። ማህዲ ደግሞ የናቴ ልጅ ነው፤ ጂዳ አብረው ሠርተዋል።» ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠግታ «ማህዲንም ፈራሁት» አለች። «ትናንት ሻይ ሲያመጣልኝ አልጠጣሁትም።»

ሂዳያ ወደ ወላጆቿ ቤት ለምን እንዳልሄደች ጠየቀቻት።

«ኢዳ ላይ ነኝ። ባሌ ከሞተበት ቤት መውጣት የለብኝም። ብወጣ ሰው ምን ይለኛል? ብቀመጥ ደግሞ ያ ሰውዬ ተመልሶ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።»

ይህን ስትል በሩ ቀስ ብሎ ተገፋ። መቀርቀሪያው ያዘው። ማንም አልተናገረም፤ በበሩ ሥር በምትገባው ብርሃን ላይ ግን ጥላ ቆሟል። ፈዲላ የሕፃኗን አፍ በእጇ ሳትነካ ከለለች፤ ሌላው እጇ የሂዳያን ክንድ ጨመደደ። ጥላው ቆይቶ ቆይቶ ሄደ። ሂዳያ ከፍታ ስታይ ግቢው ውስጥ ከተሰጣ ጤፍ በቀር ምንም አልነበረም።

ጨርቁን በቦርሳዋ ከተተች።

«ከወሰድሽው እሱ ፈልጎ ሲያጣው የሚጠይቀው እኔን ነው» አለች ፈዲላ።

«አውቃለሁ። ስለዚህ እዚሁ ካንች ጋር አድራለሁ።»

በትንሽ ከተማ ፖሊስ ሻርፕ ደርባ አትደበቅም። ከሰዓት በኋላ ማን እንደሆነች ግቢው ሁሉ አወቀ። ሂዳያም አልካደችም፤ ዘመድም ፖሊስም ነኝ፣ የአሟሟቱን ሁኔታ አጣርቼ መዝገቡን መዝጋት አለብኝ አለችና ወደ መጠለያው ገባች።

መኪናዋን ሰዎች አንሥተው በእንጨት ታኮ ላይ አቁመዋታል። የፊት ጎማ የላትም፤ ከፊት ስትታይ አፏ የተከፈተ ትመስላለች። የተፈቱት ክንዶችና ሞላዎች ከጣሪያው በሽቦ ተንጠልጥለዋል። ሁሉም ዝገት በሚከላከለው ቡናማ ቀለም፣ በአንቲረስት፣ እኩል ተቀብተዋል፤ የብሎኖቹ ጥርስ ቀለም እንዳይነካው በፕላስተር ተጠቅልሏል። ሥራው የጥንቁቅ ሰው ሥራ ነው። በሩ አጠገብ የባድሩ የሥራ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ገመዱ ተፈቷል።

ሂዳያ ተንበርክካ ከመኪናዋ ሥር በስልኳ መብራት አየች። ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዘው አግዳሚ ብረት ላይ ቡናማው ቀለም ተቀብቷል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ጥቁር ቀለም በግድየለሽነት ተለቅልቋል። ሁለቱ ቀለሞች ተደባልቀው ጭቃ መስለዋል፤ ከመድረቃቸው በፊት ተጨማደዋል። የጥቁሩ ቀለም ቆርቆሮ መሬት ላይ ነው፤ ክዳኑ በቀለሙ በኩል አፈር ላይ ተደፍቷል።

ከበሩ በስተቀኝ ባለው መደርደሪያ ላይ የቆርቆሮ ዕቃ ሁልጊዜ ሲቀመጥበት የቆየ ክብ ምልክት አለ። ዕቃው ግን የለም። ሂዳያ ግቢውን ዞራ ከኡበይድ ቤት ጀርባ ቧንቧው አጠገብ ድንጋይ ላይ አገኘችው፤ የቤንዚን ጣሳ ነው። ቤንዚኑ ጥቁር ሆኗል። ከጎኑ ያለው ሳሙናም ጥቁር ጥቁር ሰንበር አለበት።

ማህዲ መጠለያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ ተመልሶ ገና ሰላቱን ሳይሰግድ ባድሩን ፍለጋ እንደገባ ነገራት። እግሮቹን ነው መጀመሪያ ያየው፤ የላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርጎ ነበር። መኪናዋን በክሪኩ ሰቅሎ ባድሩን ሲጎትተው ጺሙ እርጥብ ነበር።

«ላብ መሰለኝ» አለ። «እጄ ደም በደም ሆነ። የምታጠብበት ቤንዚን ከመደርደሪያው ፈልጌ አጣሁ።»

ሂዳያ ጭቃ የመሰለውን ቀለም አሳየችውና ምን እንደሚመስለው ጠየቀችው። ማህዲ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳበሰው።

«ይህን ባድሩ አልቀባውም። አንቲረስቱ ሳይደርቅ ጥቁር አይደረብም። ጂዳ ውስጥ እንዲህ ያደረገ ሰው ምሳ ሳይበላ ይባረራል።»

«ታዲያ ለምን ለማንም አልተናገርክም?»

«የሞተ ሰው ሥራ ማንቋሸሽ መሰለኝ። ተጨንቆ ይሆናል፣ ነውሩን ልሸፍንለት ብዬ ዝም አልኩ።» ከዚያ ቀና ብሎ «እህቴ ለምንድን ነው የምትፈራኝ?» አለ። ሂዳያ የተዘጋውን የፈዲላ መስኮት አየች።

አራጋው በማዶ ባለው ጋራዡ ውስጥ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ ነበር። እጆቹ እስከ ክርን ድረስ ግራሶ ናቸው። ክሪኩ የእሱ በመሆኑ ሰው በዓይኑ እየወጋው እንደሆነ ያውቃል፤ ከትናንት ጀምሮ ደንበኛ አልመጣለትም። ሰው እንደሚያወራው በዚያ ቀን ጠዋት ከባድሩ ጋር ተጣልተዋል።

«አልተጣላንም» አለ። «እንደ ወትሮው ላግዘው ስገባ ‹ዛሬ አትግባ፣ ከዐስር በኋላ እኔው እመጣለሁ› አለኝ። ዓይኔን አላየኝም። አንድ ሳሙና አብረን የጨረስን ሰዎች፣ እንደ ሌባ ከበር መለሰኝ።»

የሳሙናውን ነገር ሂዳያ ጠየቀችው። አራጋው ፈገግ ለማለት ሞከረ። ባድሩ ለሰላት ሲነሣ መጀመሪያ በቤንዚን፣ ከዚያ በሳሙና ጥፍሩ ሥር ድረስ ይፈገፍግ ነበር፤ ዘይት ቀለም ቆዳው ላይ ካለ ውሃ አይደርስም፣ ውሃ ካልደረሰ የሰላት ትጥበቱ፣ ውዱእ፣ የለም። ከታጠበ በኋላ ቀለም ቀርቶ ጨርቅ እንኳ አይነካም። «‹ወይ ስገድ ወይ ቀለም ተው፣ ሳሙናዬን ጨረስከው› እለው ነበር።»

ከኋላው ግድግዳ ላይ የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ነጠላ ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረዋል። አራጋው እናቱ እንደሆኑ ነገራት። ከግሸን ንግሥ ሲመለሱ አመሻሽ ላይ በአምባሰል፣ ውጫሌ ቁልቁለት ላይ፣ መኪና ገጭቷቸው ሄደ። መኪናው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ባድሩ ያኔ ጂዳ ነበር። የባድሩ አባትም መካ ነበሩ፤ ያን ዓመት ሐጁና የግሸን ንግሥ ሰሞናቸው ገጥሞ ነበር። ሲመለሱ ሊያጽናኑት መጡ፤ ግን ቃል አልወጣቸውም፤ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ዋሉ።

ሂዳያ የፎቶግራፉን የነጠላ ጥለት አየች። አረንጓዴ በቀይ ነው። ቦርሳዋን ወደ ጎኗ ሳበችው። አራጋው ያንን ጨርቅ ከእሷ በፊት አይቶት ከሆነ፣ ከሦስቱ ሰዎች ሁሉ የበለጠ ለመግደል ምክንያት ያለው እሱ ነው።

ኡበይድ በሱቁ ውስጥ ጨርቅ እየጠቀለለ ተቀበላት። ለስላሳ ድምፅ ያለው፣ ልብሱ የነጣ ሰው ነው። በዚያ ቀን ከሱቁ ወደ መስጊድ ሄዶ ዐስርን ከሰው ጋር በጀመዓ እንደሰገደ፣ የወንድሙን ሞት እዚያው በር ላይ እንደሰማ ነገራት። መጠለያው ውስጥ ግን እግሩ ገብቶ አያውቅም፤ መኪናዋን አባቱ ከሐጅ ሲመለሱ መለዋወጫ ጠፍቶ ነው ያቆሟት፤ እሱም ሽጣት እያለ ባድሩን መክሮት ነበር።

«ክሪኩ ግን የማን እንደሆነ ጠይቂ» አለ በዝግታ። «ሰውን ማማት አልወድም። ፈዲላንም አትጫኛት፤ ፈርታለች። ኢዳዋ ሲያልቅ እኔ ጥላ እሆናታለሁ።»

ሂዳያ አመስግናው ወጣች። ከሱቁ ወደ መስጊዱ ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም ሁለቴ ዞር ብላ ወደ ኋላ አየች።

ባድሩን ያጠቡት ሽማግሌ ሀጂ አብዱልሰመድ በመስጊዱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ የሰውን ፊት አይለዩም። ሬሳ ሲያጥቡ የሚሠሩት እጆቻቸው ናቸው።

«አንቱ፣ እጁን ሲያጥቡ ምን አገኙ?» አለቻቸው።

«ቀለም። የቀኝ መዳፉ ላይ ወፍሮ ተለጥፏል፤ ገና አልደረቀም። እንደዚያ ሆኖ ውሃ አይደርሰውም ብዬ ቤንዚን አምጡ አልኩ። ውሃ የሚያፈስልኝ ኡበይድ ነበር፤ ወዲያው አመጣልኝ። ቀለሙ ሲለቅ ሥሩ ንጹሕ ነው። ጥፍሮቹ ንጹሕ፤ ሳሙና ሳሙና ይላሉ። ግራ እጁ ላይ ቅንጣት የለበትም። ማጅራቱ ተሰብሯል፤ መሬቱ ነው ብዬ ተውኩት።»

ሂዳያ ልትነሣ ስትል ሽማግሌው ሻርፗን ያዙ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ልጄ። ጃጀ እንዳይሉኝ ለማንም አልተነፈስኩም። በዚያ ቀን ዐስርን ባድሩ ከጎኔ ቆሞ ሰግዷል።»

«አዩት?»

«ዓይኔ ምን ያያል? ግን እሱን በጠረኑ ነው የማውቀው፤ ቀለም ከያዘ ወዲህ ሰላት ሲመጣ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ዘግይቶ ገባና ትከሻዬን ነክቶ ከረድፉ ቆመ። እኛ አሰላምተን ሰላቱን ስንጨርስ እሱ ያመለጠውን ሊሞላ ተነሣ፤ እኔ ወጣሁ። በር ላይ ስደርስ ባድሩ መኪና ሥር ሞቶ ተገኘ አሉኝ።» ሻርፗን ሳብ አደረጉ። «ከሞተ በኋላ መጥቶ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ቢጠራኝስ? ምን ልሁንለት ብሎ ነው የመጣው?»

ሂዳያ ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሽማግሌው አልጃጁም። በእውነት አንድ ሰው ከጎናቸው ቆሞ ነበር።

በማግስቱ ለባድሩ ሰደቃ ተደረገ። ሰው በልቶ ዱዓ አድርጎ ከተበተነ በኋላ ሂዳያ ኡበይድን፣ ማህዲን፣ አራጋውንና ሀጂ አብዱልሰመድን መጠለያው ውስጥ እንዲቆዩላት ጠየቀች። ሁለት ፖሊሶች የግቢው በር ላይ ቆሙ። የፈዲላ መስኮት በመጠለያው ትይዩ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱ ክንፉ ተከፍቶ መጋረጃ ወርዶበታል። ከመጋረጃው ጀርባ ሕፃን ስትነጫነጭ ይሰማል።

«ባድሩን መኪና አልገደለውም» አለች ሂዳያ።

ኡበይድ አንገቱን ደፋ። አራጋው ወደ ክሪኩ ተመለከተ።

«ሰው መኪና ሥር ለመሥራት ሲገባ ጫማውን አውልቆ የላስቲክ ነጠላ ጫማ አያደርግም። የባድሩ ጫማ ግን ያውና፣ በሩ ሥር። ማህዲ ሲያገኘው ጺሙ እርጥብ ነበር። ሀጂ ሲያጥቡት እጁ ከቀለሙ ሥር እስከ ጥፍሩ የፀዳ ነበር። ባድሩ በዚያ ሰዓት ሥራውን ጨርሶ፣ ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ ወደ መስጊድ ሊሄድ ነበር። አራጋው፣ ውዱእ ካደረገ በኋላ ቡርሽ ይይዛል?»

«ጨርቅ አይነካም» አለ አራጋው።

«እንግዲህ ቡርሹን እጁ ላይ ያደረገለት ሌላ ሰው ነው። ማጅራቱን መትቶ ጣለው፣ ከሥር ጎትቶ አስገባው፣ ክሪኩን ለቀቀው። ከዚያ ሥራ ላይ እንደነበረ ለማስመሰል አጠገቡ ያገኘውን ቆርቆሮ ከፈተና ብረቱን ለቀለቀው፤ መዳፉንም ቀባው። ግን በዚያ ቀን የባድሩ ሥራ ቡናማው ብቻ ነበር። ጥቁሩ የሚደረበው ሲደርቅ ነው። ማህዲ ቀለም ቀቢ ነው፤ አራጋው በየቀኑ አጠገቡ ቆሞ ያየዋል። ሁለቱም ይህን ስህተት አይሠሩም። ይህን የሠራው መጠለያው ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው።»

የኡበይድ ጣቶች በመቁጠሪያው ላይ ቆሙ። ለስላሳ ድምፁ አልተለወጠም። «ቀለም የማያውቅ በከተማው ሞልቷል፣ እቴ» አለ።

«ሞልቷል። ይህኛው ግን ሌላም ነገር አድርጓል። ከገደለ በኋላ አዛን ተባለ። በእጁ ላይ ቀለም አለ። መጥፋት ይችል ነበር፤ ቤቱ ገብቶ መደበቅ ይችል ነበር። እሱ ግን የቤንዚኑን ጣሳ ከመደርደሪያው አንሥቶ ወደ ቧንቧው ሄደ፤ ጥቁሩን ከጥፍሩ እስኪለቅ ፈገፈገው፤ ውዱእ አደረገ። ሰው ገድሎ፣ ቀለም ይዞ መስገድ ፈራ። ዘግይቶም ቢሆን ጀመዓውን ደረሰበት። አንቱ ሀጂ፣ ባድሩ አልመጣብዎትም። አጠገብዎ የቆመው ባድሩን የገደለው ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ትከሻቸው ሰደዱ፤ የተነኩበትን ቦታ እንደሚያራግፉ ሆኑ።

«ሬሳው ሲታጠብ ቤንዚኑን ያመጣው ኡበይድ ነው» አለች ሂዳያ። «ከየት አነሣኸው፣ ኡበይድ?»

«ከመደርደሪያው፤ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት።»

«እግርህ ካልገባበት መጠለያ? ደግሞም ማህዲ በዋዜማው እዚያው ፈልጎ አጥቶታል። ያለበትን የሚያውቅ ያስቀመጠው ብቻ ነበር።»

ማህዲ ወደ መስኮቱ አየና መልሶ ኡበይድን አየ።

«ወንድሜን ለምን እገድላለሁ?» አለ ኡበይድ።

ሂዳያ ከሽቦው ላይ አንዱን ክንድ አወረደችና ለአራጋው ሰጠችው። አራጋው ወደ ብርሃኑ አዙሮ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ ከቡናማው ቀለም ሥር ብረቱ ሞገድ ነበረው።

«ተጣሞ ነበር» አለ። «በእሳት ነው የተቃናው። እዚህ ጋ ብየዳ አለው። ይህን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ ከዚች ከተማም ማንም አልሠራውም፤ እሰማ ነበር።» ከዚያ ድምፁ ዝግ አለ። «አንድ ከባድ ነገር ገጭታለች።»

ሂዳያ ፌስታሉን ከፈተች። «ባድሩ አሮጌውን ቀለም ሲልጥ ክንዱ ከማያያዣ ቀለበቱ፣ ከቦኮላው፣ በሚገናኝበት ስንጥቅ ውስጥ ይህ ተነክሶ አገኘ። ለመደበቅ የቸኮለው ሰው በላዩ ላይ ቀብቶበት ነበር።»

አራጋው ጥለቱን አየ። ክንዱን መሬት ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠው፤ ከዚያ ሁለት እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው እንዳጣ ሰው በፊቱ ዘረጋ።

«አባቴ ነበሩ የነዷት» አለ ኡበይድ በፍጥነት። «አላህ ይዘንላቸው፤ ስማቸውን ላለማንሣት ነው ዝም ያልኩት።»

«አባትህ በዚያ ሰሞን መካ ነበሩ» አለች ሂዳያ። «ከተማው ሀጂ ብሎ መጥራት የጀመራቸው ከዚያ ሲመለሱ ነው። ባድሩና ማህዲ ጂዳ ነበሩ። እዚህ ቀርቶ ቁልፉን የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። አባትህ ተመልሰው መኪናዋን አዩ፤ ገባቸው፤ ሸራ አለበሷት። ልጃቸውን መስጠት አልቻሉም፤ ለአራጋውም መናገር አልቻሉም። እሱ ዘንድ ሄደው ማልቀስ ብቻ ቻሉ።»

ኡበይድ መሬት ላይ ተቀመጠ። ነጭ ልብሱ ዘይት ነካው፤ አላየውም።

«ጉም ነበር» አለ። «ነጭ ነገር ብቻ ነው ያየሁት። ቆሜ ነበር፤ ልወርድ በሩን ከፍቼ ነበር።» መቁጠሪያውን ጨበጠ። «ባድሩን እግሩን ይዤ ለመንኩት። ‹ከሰላት መልስ ለአራጋው እነግረዋለሁ፤ እስከዚያ አንተው ቀድመህ ንገረው› አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ እጁን ያደርቅ ነበር።»

ፖሊሶቹ ሲያነሡት አልታገለም። ከመጠለያው ሲወጣ ብቻ በልማድ ጥላ ቆሞበት ወደነበረው የፈዲላ በር ሁለት እርምጃ ሄደና መንገዱ በሌላ በኩል እንደሆነ ያስታወሰ ይመስል ተመለሰ። ከመጋረጃው ጀርባ ሕፃኗ ዝም አለች። የግቢው በር ተዘጋ።

ከዚያ የመቀርቀሪያው ድምፅ ተሰማ። ፈዲላ በሩን ከፍታ ከደፉ ሳታልፍ ቆመች። ማህዲ ሲቀርባት አልሸሸችም፤ ልጇን ከጀርባዋ ፈትታ ሰጠችውና ወደ ሂዳያ እጇን ዘረጋች። ሂዳያ ጨርቁን መለሰችላት።

«አራጋው» አለች ፈዲላ። «ባድሩ ለባለቤቱ እሰጠዋለሁ ብሎኝ ነበር። እንካ።»

አራጋው ወደ ደፉ መጣና ቆመ። እጁን ግን አልዘረጋም። መዳፎቹን አገላብጦ አያቸው፤ ግራሶው በየጣቶቹ መሐል ጠቁሯል።

«ቆይ» አለ። «እንዲህ ሆኜ አልነካውም።»

ማህዲ ሕፃኗን በአንድ ክንዱ እንደያዘ ከአራጋው ጋራዥ ንጹሕ ቤንዚንና አዲስ ሳሙና አመጣ። አራጋው በደፉ ሥር ተንበረከከ። መጀመሪያ በቤንዚኑ፣ ከዚያ በሳሙናው፣ ጥፍሩ ሥር ድረስ ፈገፈገ፤ ማህዲ ውሃ አፈሰሰለት። ፈዲላ ጨርቁን በሁለት እጇ ይዛ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ጠበቀችው።